ከውሻ ጋር በአርቪ ወደ ወበቃማ ባህር ዳርቻ፦ ኤሲው ድንገት ቢጠፋስ?

ማለዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ያገለገለች አርቪ፣ ማለትም ውስጧ የሚታደርባት የመኪና ቤት፣ ገዝተናል። 7 ሜትር ናት፣ ጣሪያዋ ላይ አንድ ኤሲ አላት፣ የምትጠቀመው 30 አምፕ መስመር ነው። ኦገስት መጨረሻ ላይ ተነስተን ሦስት ሳምንት የፍሎሪዳን የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይዘን ወደ ደቡብ ልንወርድ አስበናል። ቡኒ አብራን ትሄዳለች። 6 ዓመቷ ነው፣ 28 ኪሎ ትመዝናለች፣ ጸጉሯ ድርብና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ያደገችው ብርድ ባለበት አገር ስለሆነ ወበቅ የሚባል ነገር አታውቅም።

የሚያስጨንቀኝን በቀጥታ ልናገር። ገላችንን ልንታጠብ ወይም አስቤዛ ልንገዛ ስንሄድ ኤሲ ከፍተንላት አንድ ሁለት ሰዓት ብቻዋን መተዋችን አይቀርም። ኤሲው እኛ በሌለንበት ቢጠፋስ? ትናንት ሌሊት ይህንኑ ሳሰላስል እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴ «መስኮቱን ገርበብ እናደርጋለን፣ የጣሪያው ፋን አለ፣ ምንም አትሆንም» ይላል። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ሌላም አለ። ጸጉሯን ሙልጭ አድርጌ ላስላጫት? ስለ አዞና ስለ መርዛማ ጉርጥ የሚወራው እውነት ነው ወይስ የተጋነነ? ባህር ውስጥስ ትግባ? ውሃ ስታይ እብድ ነው የምትሆነው። በዚያ መንገድ ያለፋችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ እስቲ።

የአስፋልት ልጅ፦

እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽ ነገር በእርግጥም መፈራት ያለበት ነው። ስለ አዞው ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ ስለ ኤሲው ልናገር፣ ደርሶብኛልና።

ከአራት ዓመት በፊት፣ ጁላይ ላይ፣ እዚያው ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነበርን። ለውሻዬ ኤሲ ከፍቼላት ልብስ ላጥብ ሄድኩ። ማጠቢያው ከቆምንበት ቦታ የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። 50 ደቂቃ ቆየሁ። ስመለስ አርቪዋ ጭጭ ብላለች። ያ ጸጥታ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። በሩን ስከፍት ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ። ቴርሞሜትሩ 35 ይላል። ውሻዬ በሩ ሥር ተዘርግታ፣ ምላሷ ወጥቶ፣ ታለከልካለች። አወጣኋት፣ ቧንቧ ከፍቼ አራስኳት፣ ተረፈች። ሌላ 20 ደቂቃ ብቆይ ኖሮ ምን እንደማገኝ ማሰብ አልፈልግም።

ምን ሆኖ ነው? ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ኤሲውን ሲከፍት የካምፑ መስመር ይደክማል። 120 ቮልት መሆን የነበረበት 103፣ 102 ይገባል። እኔ ደግሞ ኤሲው እንዳይቃጠልብኝ ብዬ የመስመር መከላከያ ገጥሜ ነበር። መከላከያው ሥራውን ሠራ፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ኃይሉን ቆረጠው። ማሽኑን አዳነልኝ፣ ውሻዬን ግን ያለ አየር ተዋት። መከላከያ አትግጠሚ እያልኩሽ አይደለም፣ የእኔም እስካሁን አለ። ኤሲሽን ሊያጠፋ የሚችል አንድ ነገር መጨመርሽን ግን እወቂ።

ሁለተኛው ነገር ሒሳቡ ነው። 30 አምፕ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው፣ ከዚያ በላይ የለሽም። ኤሲሽ 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) ከሆነ ሲሠራ 1,500 ዋት ገደማ ይበላል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ 1,400 ገደማ። በዚህ ላይ ማይክሮዌቭ ከበራ ብሬከሩ ይወርዳል። ከመውጣትሽ በፊት ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሪው ወይም አጥፊው። ኤሲው ብቻውን ይሥራ።

ስለ መስኮቱ ባለቤትሽን በአክብሮት አልስማማበትም። በ2005 የወጣ፣ በቆሙ መኪኖች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው ውስጥ ሙቀት በአማካይ በ22 ዲግሪ ጨመረ፣ ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው የመጣው። መስኮት ገርበብ ማድረጉ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም። አርቪ ከመኪና ይሰፋል፣ ግድግዳው ግን ስስ ነው፣ ፀሐይ የሚወርድበት ጣሪያውም ትልቅ ነው። ፋኑስ? ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። ውጪው 33 ከሆነ 33ቱን ነው ወደ ውስጥ የሚስብልሽ። ውሻ ደግሞ እንደ እኛ በላብ አይቀዘቅዝም። የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ ከምላሱና ከአፉ እርጥበት ሲተን። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከተሞላ ያ እርጥበት በደንብ አይተንም። ለዚህ ነው ደረቅ 33 እና የባህር ዳር 33 ለውሻ አንድ ያልሆኑት።

አሁን ቤትሽ ደጃፍ ላይ ሆነሽ የምትሠሪው አንድ ነገር ልንገርሽ። ኤሲውን ክፈቺ፣ ሲቀዘቅዝ ዋናውን ብሬከር አውርጂው። አንድ ደቂቃ ቆይተሽ መልሺው። ከዚያ እጅሽን አጣጥፈሽ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ኮምፕረሰሩ ለመነሳት ሁለት ሦስት ደቂቃ ሊዘገይ ይችላልና። በራሱ ተነሳ? እሰየው። ካልተነሳ፣ መብራት ለአንድ ሰከንድ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ እንኳ ኤሲው እስክትመለሺ ድረስ እንደጠፋ ይቆያል ማለት ነው። አንዳንድ ዲጂታል ቴርሞስታቶች (ኤሲውን የሚያዙት የሙቀት ማስተካከያዎች) መብራት ሲቋረጥ የነበሩበትን ይረሳሉ። ብዙ ሰው ይህንን የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ከዚያ ውስጡ ሲሞቅ ስልክሽ ላይ የሚያስጠነቅቅ የሙቀት መቆጣጠሪያ ግዢ። የራሱ ሲም ካርድና የራሱ ባትሪ ያለው ይሁን። በዋይፋይ የሚሠራውን ተይው፣ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፣ ማስጠንቀቂያውም አይደርስሽም። 27 ዲግሪ ላይ እንዲጮህ አድርጊው፣ የሁለታችሁም ስልክ ላይ ይምጣ። መቆጣጠሪያ ስላለሽ ደግሞ እሩቅ አትሂጂ። በ15 ደቂቃ መመለስ ካልቻልሽ መልእክቱ መድረሱ ብቻ ምን ያደርግልሻል? በሩ ላይ «ውስጥ ውሻ አለች» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥርሽ ጋር ለጥፊ፣ ለጎረቤትም ንገሪ። ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ደግ ነው፣ ከተነገረው ይደርሳል።

ቦታ ስትይዢ ከሰዓት በኋላ ጥላ ያለበትን ጠይቂ። የጣሪያ ኤሲ በአንድ ዙር አየሩን የሚያቀዘቅዘው ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ቢሆን ነው። ፀሐይ ላይ ቆመሽ ተአምር አትጠብቂበት። መስኮቶቹን በሚያንጸባርቅ መሸፈኛ ዝጊ፣ ከጎን የሚዘረጋውን ጥላ ፀሐይ በምትገባበት በኩል አድርጊ፣ የኤሲውን ማጣሪያ በየሳምንቱ እጠቢ። የውሻ ጸጉር ያለበት ቤት ማጣሪያው ቶሎ ነው የሚደፈነው።

ነጭ ጋውን፦

የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ከወንድማችን ቀጥዬ የእኔን ድርሻ ልበል።

ጸጉሯን አትላጪያት። ድርብ ጸጉር ያለው ውሻ የላይኛው ጸጉሩ ከፀሐይ ይከልለዋል። ሙልጭ ካደረግሻት ቆዳዋ ይቃጠላል፣ ጸጉሩም በትክክል ላይመለስ ይችላል። ይልቅ ከሥር ያለውን ለስላሳውን ጸጉር በማበጠሪያ ደህና አድርገሽ አውጪው። አየር የሚገባው እሱ ሲወጣ ነው።

ሙቀት ሲመታት ምን እንደምታደርጊ አሁን እወቂ፣ ያኔ ለማንበብ ጊዜ የለም። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው ያለችው። 41 ስትደርስ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ምልክት አለ፦ የማይቆም ማለክለክ፣ ወፍራም ለሃጭ፣ ድድዋ ደም የመሰለ ቀይ መሆን፣ መንገዳገድ፣ ማስታወክ። አንዱን ካየሽ መጀመሪያ አቀዝቅዢያት፣ ከዚያ ነው ወደ ሐኪም መሮጥ። ብዙ ሰው ይህንን ገልብጦ ይሠራዋል፣ ውሻውን በሙቀቱ መኪና ውስጥ ጭኖ 40 ደቂቃ ይነዳል። ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ መላ ሰውነቷ ላይ አፍስሺ፣ በተለይ ሆዷና ብብቷ ላይ፣ ነፋስ ወይም ፋን ያግኛት። እርጥብ ፎጣ አልብሰሽ አትተያት፣ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍንባታል። የፊንጢጣ ቴርሞሜትር ያዢ። 39.5 አካባቢ ስትደርስ ውሃውን አቁሚ፣ ከዚያ ካለፍሽ ከልክ በላይ ትቀዘቅዛለች። ከዚያ ኤሲ በተከፈተ መኪና ወደ ሐኪም። ደህና ብትመስልሽም ሂጂ። የውስጥ ጉዳት በአንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ሊወጣ ይችላል።

ቀጥሎ ትንኝ። በሰው ዘንድ ትንኝ ስትባል የሚታሰበው ወባ ነው፣ ለውሻ ግን የልብ ትል ነው። ትንኟ ስትነክሳት እጭ ታስገባለች፣ እጩ በስድስት ሰባት ወር አድጎ ልብና የሳንባ ደም ሥሮች ውስጥ ይቀመጣል፣ ሴቷ ትል እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች። ሕክምናው ረጅምና ለውሻዋም ከባድ ነው። መከላከሉ ግን በወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ ኪኒን ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ኪኒኑ የሚሠራው ወደ ኋላ ነው። ባለፈው አንድ ወር ገደማ የገባውን እጭ ነው የሚገድለው። ስለዚህ «ጉዞው አልቋል» ብለሽ ቤት ስትገቢ ብታቆሚ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ንክሻ ሳይነካ ይቀራል። ከመሄድሽ በፊት አስመርምሪያት፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ቀጥዪ። የሰው የትንኝ መከላከያ፣ በተለይ ዲት የሚባል ኬሚካል ያለበትን፣ እንዳትቀቢያት፣ ትልሰዋለች።

መዥገር ማታ ማታ ፈትሺ። ጆሮ ውስጥ፣ ጣቶች መሃል፣ የአንገት ማሰሪያ ሥር፣ ጭራ ሥር። ካገኘሽ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ጋ አስጠግተሽ ያዢና ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። በክብሪት ማቃጠል፣ ዘይት መቀባት፣ ይህ ሁሉ አይረባም።

ጉርጡ እውነት ነው። ኬን ቶድ ይባላል፣ ደቡብና መካከለኛው ፍሎሪዳ ውስጥ አለ፣ በአውስትራሊያም ኩዊንስላንድ ውስጥ ያስቸግራል። ትልቅ ነው፣ የሚወጣው ማታና ዝናብ ሲዘንብ ነው። ከትከሻው ላይ ካሉት እጢዎች የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ መርዝ ነው። ውሻ በአፏ ከያዘችው ድድዋ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ለሃጭዋ ይዝረበረባል፣ አንዳንዴ ትንቀጠቀጣለች። ወዲያው አፏን አጠቢ፣ ግን አፍንጫዋ ወደ መሬት ተደፍቶ፣ ውሃው ከጎን ገብቶ በሌላው ጎን እንዲወጣ አድርገሽ። ወደ ጉሮሮዋ ካፈሰስሽው መርዙን ታስውጫታለሽ። ድድዋንና ምላሷን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ ጨርቁን እየቀያየርሽ፣ አሥር ደቂቃ ያህል። ከዚያ ሐኪም። ምግቧንና የውሃ ሳህኗን ማታ ውጪ አታሳድሪ፣ ጉርጡ ለእሱ ነው የሚመጣው።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ግን አንድ ተክል አለ። ሳጎ ፓልም። ትንሽ ዘንባባ ይመስላል፣ ለውበት ተብሎ በየካምፑ መግቢያና በየመንገዱ ዳር ይተከላል። ሁለመናው መርዝ ነው፣ ፍሬው ደግሞ የባሰ ነው፣ ጉበት ያበላሻል። ጥቂት ፍሬ እንኳ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ውሻሽ ያገኘችውን የምታኝክ ከሆነች ቦታችሁ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኚ። በዚያው መሬቱንም እዪ፣ ቀይ የእሳት ጉንዳን በአሸዋማ ሣር ላይ ክምር ይሠራል። ውሻ እሱ አጠገብ አስረሽ ብትገቢ መሸሽ እንኳ አትችልም።

ማለዳ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሳጎ ፓልም የሚባለውን ፎቶውን ሳየው ደነገጥኩ፣ ስንት ጊዜ አጠገቡ አልፌያለሁ መሰላችሁ። ቡኒ ደግሞ እንጨት ማኘክ ትወዳለች። የባህሩንስ ነገር የሚያውቅ አለ? መቼም ባህር አጠገብ ወስጄ ውሃ ልከለክላት አልችልም።

አሸዋ ለባሽ፦

እኔና ውሻዬ በየዓመቱ ነው የምንሄደው፣ አትከልክያት። ግን የትም ዳርቻ ዝም ብለሽ አትውረጂ። ፍሎሪዳ ውስጥ በስቴት ፓርኮቹ ካምፕ ውሻ ይዘሽ ማደር ትችያለሽ፣ የመዋኛ ዳርቻው ላይ ግን በአብዛኛው አይፈቀድም። ለውሻ የተለዩ ዳርቻዎች አሉ። በታምፓ በኩል ፎርት ዴ ሶቶ አለ፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ደግሞ ሃኒሙን አይላንድ። ማዕበል ከመታቸው በኋላ ለጊዜው የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ ቀድመሽ ደውዪ። ኤቨርግሌድስ (ደቡብ ፍሎሪዳ ያለው ረግረጋማ ብሔራዊ ፓርክ) ከወረድሽ ውሻ በካምፑና በመኪና መንገዱ ላይ እንጂ በእግር መጓዣዎቹ ላይ አይፈቀድም። ማሰሪያው ከ1.8 ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቁሻል፣ ሲሳብ የሚረዝመውን ገመድ እቤት ተይው።

የማሰሪያው ሕግ ለይስሙላ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከሜይ እስከ ኦክቶበር የባህር ኤሊ እንቁላል የምትጥልበትና ጫጩቶቹ የሚወጡበት ጊዜ ነው። ውሻ ደግሞ መቆፈር ይወዳል። አንድ ጎጆ ውስጥ መቶ ያህል እንቁላል አለ፣ አንድ ውሻ በአምስት ደቂቃ ያጠፋዋል። በችካልና በሪባን የታጠረ አሸዋ ካየሽ እራቂ።

አሸዋው። እጅሽን ገልብጠሽ መሬቱ ላይ ሰባት ሰከንድ አስቀምጪ። ካቃጠለሽ መዳፏን ያቃጥላታል። አስፋልቱ ደግሞ ይብሳል፣ አየሩ 31 ሲሆን ፀሐይ የበላው አስፋልት ከ60 ሊያልፍ ይችላል። እኛ የምንወጣው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቤት ውስጥ ነን። መጀመሪያ ቀኑ የባከነ ይመስልሻል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ትለምጅዋለሽ።

የባህር ውሃ እንዳትጠጣ። ኳስ ስትወረውሪላት በአፏ የምትይዘው ኳሱን ብቻ አይደለም፣ በያንዳንዱ ጊዜ አንድ ጉንጭ ጨው ውሃም ትውጣለች። ጥቂቱ ያስቀምጣታል፣ ብዙው ደግሞ ደሟ ውስጥ ያለውን ጨው ከልክ በላይ ያደርገውና ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። በየ15 ደቂቃው ከውሃው አውጥተሽ ንጹሕ ውሃ ስጫት። በኳስ ፋንታ ጠፍጣፋ ነገር ወርውሪላት፣ አፏን ብዙ ሳትከፍት ታነሳዋለች። አሸዋው ላይ ሰማያዊ ፊኛ የመሰለ ነገር ተኝቶ ካየሽ አታስነኪያት። ፖርቹጊዝ ማን ኦ ዎር ይባላል፣ ሞቶ ደርቆም ይናደፋል። ዓሣ አጥማጆች ባሉበት ደግሞ መንጠቆ አለ፣ ማጥመጃው ሽታ ስላለው ትውጠዋለች።

አዞውን በተመለከተ፣ አሊጌተር ነው የሚባለው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በ67ቱም ካውንቲዎች (ወረዳዎች) አለ። የሚኖረው ጨው በሌለው ወይም ትንሽ ብቻ ባለው ውሃ ነው፦ ኩሬ፣ ቦይ፣ ወንዝ፣ ካምፑ መሃል ያለው ያ የሚያምር ሐይቅ። ከሁሉ የሚንቀሳቀሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ውሻ ለእሱ ዘወትር የሚያድነውን እንስሳ ይመስለዋል። ስለዚህ ሕጌ አንድ ነው፦ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ውሻዬ እግሯን አታስገባም፣ ዳሩም ላይ አንሄድም፣ በተለይ ሲመሽ። ኩሬው ላይ አረንጓዴ የአልጌ ሽፋን ካየሽ ደግሞ ሌላ ምክንያት ጨመርሽ። የዚያ አልጌ አንዳንዱ ዓይነት ውሻን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ስትመለሱ በንጹሕ ውሃ አጥበሻት ጆሮዋን ሳይቀር አድርቂ። እርጥብ ጆሮ በዚያ ወበቅ ወዲያው ይመረቅዛል።

ታላቅ እህት፦

እኔ ሌሎቹ ያላሉትን ልበል፣ አትቀየሚኝ። ጥያቄሽ ስለ ኤሲው ነው፣ መልሱ ግን ቀኑ ላይ ነው ያለው። ድርብ ጸጉር ያላት፣ ወበቅ የማታውቅ ውሻ በኦገስት መጨረሻ ወደዚያ መውሰድ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ውሻ ሙቀት ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል፣ እናንተ ያላችሁ በጠቅላላው ሦስት ሳምንት ነው። ወይ ቀኑን ግፉት፣ ወይ ቡኒን ለሚወዳት ሰው አደራ ስጡ። ስለምትወዷት ነው አብራችሁ የምትወስዷት፣ ገብቶኛል። ግን ለእሷ ጉዞው ምን እንደሆነ አስቢው፦ ቀኑን ሙሉ በአንድ ኤሲ ሥር ተኝታ በጠዋትና በማታ አንዳንድ ሰዓት መውጣት።

የአስፋልት ልጅ፦

እኔ እንኳን ጁላይ ላይ ሄጄ ነው የተቀጣሁት፣ ስለዚህ እህታችን ያለችው እውነት አለው። ልዩነቴ አንድ ነው፦ ኖቬምበርም ብትሄዱ ፀሐያማ ቀን ላይ የተዘጋ አርቪ ይሞቃል። ውጪው 24 ሲሆን ሰው ይዘናጋል። የብሬከሩን ፈተና አትዝለሉት።

ደመና ተመልካች፦

ቀኑን ከነካችሁ አይቀር፣ አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። የአትላንቲክ የሃሪኬን (የከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚበረታው ደግሞ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ማለዳ፣ አንቺ ያልሽው ሦስት ሳምንት ልክ መሃሉ ላይ ነው የወደቀው።

አርቪ ከማዕበል መጠለያ አይሆንም። ቁመቱ ነፋስ ይሰበስባል፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ይገለበጣል። የሚያዋጣው ቀድሞ መውጣት ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ሲወጣ መንገዱ ይዘጋል፣ ነዳጅ ያልቃል፣ ኃይለኛ ነፋስ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከፍ ያለ መኪና ድልድይ ላይ መንዳት አይሞከርም። እኛ ትንበያው ላይ የማዕበል ስም ከተነሳ ነዳጅ ከግማሽ በታች አናደርግም፣ የመልቀቂያ ትእዛዝም አንጠብቅም።

ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ከሚወጣበት አንድ ቀን ቀድሞ መውጣት አለበት ባይ ነኝ። በ2005 ካትሪና በተባለው ሃሪኬን ጊዜ ብዙ ሰው እንስሳውን ጥሎ አልሄድም ብሎ ቀርቷል፣ ብዙዎችም እንስሳቸውን ለመተው ተገድደዋል። ከዚያ በኋላ ነው በ2006 የአሜሪካ መንግሥት፣ አካባቢዎች የመልቀቂያ እቅዳቸው ውስጥ የቤት እንስሳትንም እንዲያስገቡ የሚጠይቅ ሕግ ያወጣው። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ መጠለያ ውሻ ይቀበላል ማለት አይደለም። የት እንደሚቀበሉ ከመሄድሽ በፊት አጣሪ፣ ዝርዝሩን በወረቀት ያዢ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቷ፣ ማይክሮቺፕ ቁጥሯ፣ የቅርብ ፎቶዋ፣ የሁለት ሳምንት ኪኒኗ፣ የምትገባበት ሳጥን፣ ሁሉም በአንድ ቦርሳ ይሁን። የክትባት ወረቀቱን እንኳ ካምፑም ይጠይቅሻል። ሳጥኑን ከአሁኑ አስለምጃት። ነፋስ እያፏጨ ውሻን ሳጥን ማስተማር አይቻልም።

ማለዳ፦

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ፣ ለባለቤቴም ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ዛሬ ጠዋት ፈተናውን ሠራነው። ኤሲውን 22 ላይ አድርገን ግማሽ ሰዓት ሠራ። ባለቤቴ ብሬከሩን አወረደው፣ አንድ ደቂቃ ቆጥሮ መለሰው። ተቀምጠን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ። አልተነሳም። የቴርሞስታቱ መስታወት በርቷል፣ ግን «ጠፍቷል» ነው የሚለው። ባለቤቴ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና «መስኮቱን ገርበብ እናደርጋለን ያልኩትን እርሺው» አለኝ። ቡኒ በዚያ ሁሉ ጊዜ እግራችን ሥር ተኝታ ነበር።

እናም ቀኑን ወደ ኖቬምበር አጋማሽ ገፍተነዋል። የኦገስቱን ቦታ ሰርዘናል። ታላቅ እህት፣ ምንም አልተቀየምኩሽም። መቆጣጠሪያው ታዟል፣ ሲም ያለው ነው። የልብ ትል ምርመራዋ ሐሙስ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል፦ ቴርሞስታቱን መቀየር ይቻላል ወይስ ኤሲውን ራሱን ነው?

የአስፋልት ልጅ፦

ኤሲውን አትንኩት፣ ቴርሞስታቱ ይበቃል። ግን ሞዴሉን ሳታዩ እንዳትገዙ፣ ከኤሲው መቆጣጠሪያ ቦርድ ጋር መግባባት አለበት። አንዳንዶቹ ኤሲዎች በሚዞር ተራ ቴርሞስታት ይሠራሉ፣ እሱ የተተወበት ቦታ ላይ ስለሚቆይ መብራት ሲመለስ አብሮ ይነሳል። የእናንተ ቦርድ ያንን የማይቀበል ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ የነበረበትን የሚያስታውስ ዲጂታል ፈልጉ። ከገጠማችሁ በኋላ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ድገሙት፣ አንዱን ቀትር ላይ። እስከዚያው ገላችሁን ተራ በተራ ታጠቡ።

ማለዳ፦

ተራ በተራ። ተስማምተናል። እሱ ሲታጠብ እኔ ከቡኒ ጋር፣ እኔ ስታጠብ እሱ።